ፊት የሚለካው ፕሮፌሰር

ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የወንጀል ጥናት የሚማር ሰው መጀመሪያ ከሚሰማቸው ስሞች አንዱ ቼዛሬ ሎምብሮሶ ነው። ወላጆቻችን ስሙን ላያውቁት ይችላሉ፤ ሐሳቡን ግን በደንብ ያውቁታል። የገበያ ማዕከል በር ላይ የቆመ ጥበቃ፣ ከስንቱ ወጣት መሀል የኛን ልጅ ብቻ ለይቶ መታወቂያ ሲጠይቅ ነዋ!

ሎምብሮሶ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1835 በጣሊያን ቬሮና ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ሕክምና ተምሮ የጦር ሠራዊት ሐኪም ሆነ። መለካት የጀመረው እዚያ ነው፤ ወደ 3000 የሚሆኑ ወታደሮችን ለካ፣ ንቅሳታቸውንም አጠና። ኋላ ቪሌላ የሚባል በስርቆት የተፈረደበት የካላብሪያ ድሃ ሞተና ሎምብሮሶ የራስ ቅሉን መረመረ። ከቅሉ በስተኋላ አንድ ጎድጓዳ ቦታ አገኘ። እንዲህ ያለው በዝቅተኛ እንስሳት ላይ የሚታይ ነው ብሎ ስላመነ፣ ወንጀለኛ ሲወለድ ጀምሮ ወንጀለኛ ነው ወደሚል ሐሳብ ደረሰ። እንግዲህ ከአንድ ቅል ተነስቶ ነው!

በ1876 ስለ ወንጀለኛ ሰው የጻፈው መጽሐፍ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ቶሪኖ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ። ትልቅ መንጋጋ፣ የቆመ ጆሮ፣ ሁሉም ምልክት ሆነ። የራስ ቅል፣ እስረኞች የጫሩባቸውን የውኃ ማሰሮዎች ሳይቀር ሰበሰበ። እውነቱን ለመናገር ውለታም አለው። በዘመኑ ሕጉ በአብዛኛው የሚያየው ድርጊቱን ነበር፤ እሱ ግን ድርጊቱን የፈጸመውን ሰው አጥኑት አለ። ኋላም ድህነትንና መጠጥን ከምክንያቶቹ ጨመረ።

እኛን ያስቸገረን ሌላ ነው። በ1871 ስለ ነጭና ስለ ባለቀለም ሰው በጻፈው መጽሐፍ ነጩን ከላይ፣ ጥቁሩን ከታች አስቀመጠ። በ1894 ደግሞ የአይሁድ ጥላቻን የሚቃወም መጽሐፍ አሳተመ። ሁለቱ በአንድ ሰው ውስጥ እንዴት ሳይጋጩ እንደኖሩ ብዙ ተከራከርንበት፤ አልተስማማንም።

በ1909 ሞተ። ከ4 ዓመት በኋላ ቻርልስ ጎሪንግ የተባለ የእንግሊዝ እስር ቤት ሐኪም፣ ወደ 3000 እስረኞችን ለክቶ ከሌላው ሰው ጋር ሲያነጻጽር፣ ሎምብሮሶ ያለውን የወንጀለኛ መልክ አላገኘም።

ሎምብሮሶ አካሉን ለምርምር ተናዞ ነበር። አጽሙ ዛሬ ቶሪኖ በስሙ በተሰየመው ሙዚየም ውስጥ ቆሟል። የቪሌላ ራስ ቅልም እዚያው ነው። የትውልድ መንደሩ፣ አፈር እናልብሰው ብሎ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ነበር፤ አልተሰጠውም።