ንጉሥ ሣህለ ሥላሴና የባሕሩ በር

በመንዝ ተራራ ላይ ቆሞ ስለ ባሕር ጥበቃ ማሰብ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር ይመስላል። ይሁን እንጂ ከመንዝ ዘር የተነሡት የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ታሪክ፥ የደጋ መንግሥት ዕድል በሩቅ ባሕር በሚዞር መርከብ እጅ እንዴት እንደሚወድቅ ያስረዳናል።

አባታቸው ወሰን ሰገድ በ1805 ዓ.ም. ገደማ በተገደሉ ጊዜ ሣህለ ሥላሴ በሰላ ድንጋይ ገዳም በትምህርት ላይ ነበሩ። ታላቅ ወንድማቸው በኩሬ በመርሐ ቤቴ ሆነው ሲያመነቱ፥ ታናሹ የእናታቸውን የወይዘሮ ዘነበ ወርቅን ወገኖች፥ የመንዝን ሰዎች፥ ተማምነው ወደ ቁንዲ ገሠገሡ። ቀድመው በመድረሳቸውም አልጋው የእሳቸው ሆነ። ከዚያ በኋላ አንኮበርንና አንጎለላን መናገሻ አድርገው 34 ዓመት ያህል ገዙ፤ ግዛታቸውንም አሰፉ።

ግዛቱን ለማጽናት ግን ጠመንጃ ያስፈልግ ነበር፤ ጠመንጃ የሚገባውም በታጁራና በዘይላ በኩል ነው። በዚያው መንገድ ባሪያ ይወርድ እንደ ነበርና ንጉሡም ከዚህ ንግድ ቀረጥ ይቀበሉ እንደ ነበር መሸሸግ አይገባንም።

በምድር ቀድመው የደረሱት ንጉሥ በባሕር ተቀደሙ። እንግሊዞች በ1831 ዓ.ም. ዓደንን ይዘው፥ ከቦምባይ ወደ ስዌዝ ለሚመላለሱት የእንፋሎት መርከቦቻቸው የከሰል ጣቢያ አደረጉት። ፈረንሳዮች እንዳይቀድሟቸው ስለ ሠጉም ካፒቴን ሞርስቢ የተባለ የባሕር ኃይል መኮንን በ1832 ዓ.ም. ከታጁራ ሱልጣን ጋር ተዋዋለ፤ የሙሻንም ደሴቶች በጥቂት ከረጢት ሩዝ ገዛ። ሱልጣኑ ዓደን ላለው የእንግሊዝ ሹም ሳያስታውቅ ከሌላ የአውሮፓ መንግሥት ጋር እንዳይዋዋል ሆነ። እንዲህ ሲሆን የሸዋ በር ጠባቂ ሌላ ሆነ ማለት ነው።

የዚህ ጥበቃ ወጪ ግን በሩዝ ከረጢት የሚለካ አልነበረም። መርከቡ፥ ከሰሉ፥ በዓደን የሰፈረው ጦር ሁሉ ገንዘብ ይበላል፤ ኃይሉም ከመድፉ ምት አያልፍም። በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ከታጁራ ወደ ሸዋ ሲወጣ፥ ገና በአፋር በረሓ ሳለ ከተከታዮቹ 3 ሰዎች በሌሊት ተገደሉበት። የባሕሩ ዘበኛ ሊያድናቸው አልቻለም።

ሣህለ ሥላሴ ብልህ ነበሩና በ1834 ዓ.ም. ከእንግሊዝ፥ በ1835 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋሉ። ጠመንጃና መድፍም በስጦታ አገኙ። ዳሩ ግን ከሁለቱም ወገን የተጠበቀው ታላቅ ንግድ ሳይመጣ ቀረ፤ ንጉሡም በሩ በሌሎች እጅ እንዳለ በ1840 ዓ.ም. ዐረፉ።

ኢትዮጵያ በ1947 ዓ.ም. የራሷን ባሕር ኃይል አቋቋመች፤ በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነጻ አገር ስትሆን ደግሞ ያለ ወደብ ቀረች። ዛሬም በዓደን ሰላጤ የብዙ አገር የጦር መርከቦች ይዞራሉ። ስለዚህ ጉዳይ የምንከራከር ተማሪዎች ከሣህለ ሥላሴ ሕይወት ሁለት ነገር ብንማር መልካም ነው፦ ባሕር መጠበቅ ብዙ ያስወጣል፤ የየብሱ መንገድ ካልቀናም ወጪው ከንቱ ይሆናል። በሌላው ዘበኛ ደጅ መጥናትም ቢሆን ያለ ዋጋ አይደለም።