የነርስ ቆብ የደፋችው ልዕልት፦ ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ እና መናገር የማይችሉት ሕመምተኞቿ

የዛሬው ትንሽ ረዘም ይላል። ሻይ ቡና ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

ጥር 2016 ዓ.ም ላይ ስልካችሁን ከፍታችሁ ከነበረ አንዲት ትንሽ አሮጌ አውሮፕላን ሳታዩ አልቀራችሁም። ጣሊያን በወረራው ጊዜ ወስዳ ሙዚየም ውስጥ ያስቀመጠቻት፣ ኢትዮጵያውያን ከጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ጋር አዲስ አበባ ላይ የሠሯት አውሮፕላን ናት። ስሟ ፀሐይ ይባላል። ያን ሰሞን ሁሉም ሼር አደረገ፣ ሁሉም ኮራ። አውሮፕላኗ የማንን ስም እንደያዘች የጠየቀ ግን ብዙ አልነበረም።

የተሰየመችው በልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ነው። ዛሬ የምንነግራችሁ የሷን ታሪክ ነው። ያረፈችው በ22 ዓመቷ ስለሆነ፣ ማለትም የብዙዎቻችሁ እኩያ ስለነበረች፣ በአንቱታ አላስጨነቅናትም። ቅር እንዳትሰኙ።

ፀሐይ ጥቅምት 1912 ዓ.ም አዲስ አበባ ተወለደች። አባቷ ያኔ ገና ራስ ተፈሪ መኮንን ናቸው፣ እናቷ ደግሞ ወይዘሮ መነን አስፋው። የሚገርመው በዚያው ዓመት፣ እሷ ከተወለደች ሁለት ወር ገደማ በኋላ፣ እንግሊዝ ሀገር የነርሶች ምዝገባ ሕግ ወጣ። ሕጉ ለታመሙ ሕፃናት ነርሶች ለብቻው የሚሆን መዝገብም ነበረው። አዲስ አበባ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለችው ጨቅላ ከ20 ዓመት በኋላ በዚያ መዝገብ ላይ ስሟ እንደሚሰፍር ማን ያስብ ነበር?

አባቷ በ1923 ዓ.ም ሲነግሡ ፀሐይ የ11 ዓመት ልጅ ነበረች። 16 ዓመት ሳይሞላት ግን ጦርነት መጣ። በ1928 ዓ.ም መጀመሪያ ፋሺስት ጣሊያን ሀገሪቱን ወረረች። ፀሐይ ቤተ መንግሥት ተሸሽጋ አልተቀመጠችም። ከእናቷ ጋር በሴቶች የበጎ አድራጎት ማኅበር ውስጥ ገብታ ለዘማቾች የቁስል ፋሻና ከመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭምብል በማዘጋጀቱ ሥራ ተሳተፈች። ጣሊያን ሕዝቡ ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ስታርከፈክፍ ለዓለም ሴቶች የድረሱልን ጥሪ ካሰሙት አንዷም እሷ ነበረች። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም መጨረሻ ቤተሰቡ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጣ፤ ከዚያ ኢየሩሳሌም፣ ከዚያ እንግሊዝ።

ስደተኛ ልዕልት ምን ትሠራለች? ባዝ በምትባለው ከተማ ቤተሰቡ ቤት ገዝቶ ነበርና እዚያ ቁጭ ብላ ቀኑን መግፋት ትችል ነበር። እሷ ግን ለንደን ወደሚገኘው ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ሄዳ ተማሪ ነርስ ሆነች። ዘመኑ 1928 ዓ.ም፣ ወሩ ነሐሴ፣ ዕድሜዋም 16 ነበር።

ስለዚህ ሆስፒታል ትንሽ እንበላችሁ። ዶክተር ቻርልስ ዌስት የተባለ ሐኪም በ1852 እ.ኤ.አ. በ10 አልጋ የጀመረው ነው። ያኔ ለንደን ውስጥ ሕፃናት እንደ ቅጠል ይረግፉ ነበር፤ ለነሱ ብቻ የቆመ እንዲህ ዓይነት ሆስፒታል ግን አልነበረም። ዌስት ሆስፒታሉን ከከፈተ ሁለት ዓመት በኋላ ለነርሶች የታመመ ሕፃን እንዴት እንደሚጠበቅ የምታስረዳ ትንሽ መጽሐፍ ጻፈ። አዋቂ ሲታመም ወገቤን፣ ራሴን፣ ደረቴን ይላል። ጨቅላ ግን የት እንዳመመው አይናገርም። ስለዚህ ነርሷ ፊቱን፣ ለቅሶውን፣ አተኛኘቱን፣ አተነፋፈሱን ማንበብ አለባት። የሕፃናት ነርስነት ዋናው ሙያ ይሄ ነው፤ ዓይንና ጆሮ።

ፀሐይ ተማሪ በነበረችበት ዘመን ደግሞ ዓይንና ጆሮ ከዛሬው በላይ ይፈለግ ነበር። ፔኒሲሊን ገና ሆስፒታል አልገባም። ለሳንባ ምች የሚሠራ የሰልፋ መድኃኒት ሐኪሞች እጅ የደረሰው በ1938 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም ትምህርቷን ሁለት ዓመት ከተማረች በኋላ ነው። ኦክስጅን በደም ውስጥ ምን ያህል እንዳለ ጣት ላይ ተሰክታ የምትለካው ትንሽ መሣሪያም አልነበረችም። በዚያ ላይ በጊዜው የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ወላጅ ልጁን የሚጠይቅበትን ሰዓት እጅግ ይገድቡ ነበር። እናት አጠገቡ የሌለች ልጅ ከመሸ በኋላ ሲደክም ቀድሞ ማየት ያለበት ማን ነው? ነርሷ። ትኩሳት መለካት፣ የልብ ምትና ትንፋሽ መቁጠር፣ ሰንጠረዥ ላይ መጻፍ፣ ከሁለት ሰዓት በፊት ከነበረው ጋር ማስተያየት፣ ከተለወጠ ሐኪም መጥራት፤ የነርስ ውሎም አዳርም ይኼው ነበር።

የንጉሥ ልጅ ናትና ሌሎች ሲያገለግሏት ያደገች ናት። እዚያ ግን የሌላ ሰው ልጅ አልጋ ታነጥፋለች፣ ጨርቁን ትቀይራለች፣ ሌሊት ተረኛ ትሆናለች። ሦስት ዓመት እንዲህ ገፋች። ነሐሴ 1931 ዓ.ም ላይ በመንግሥት የተመዘገበች የሕፃናት ነርስ ሆነች። ከሀገር ውጭ ተምረው በነርስነት ከተመረቁ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዷ መሆኗ ነው።

በዚያው ሰሞን ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። ፀሐይ አዋቂዎችን የማከም ሙያ ልትጨምር ጋይስ ወደሚባለው ሌላ የለንደን ሆስፒታል ተሻገረች። ከዚያ በኋላ የጀርመን አውሮፕላኖች ከተማዋን ለወራት በቦምብ ደበደቧት። ልጅቷ በጣሊያን ቦምብ ከሀገሯ ወጥታ በጀርመን ቦምብ ሥር ነርስነት ተማረች ማለት ነው።

አሁን ወደኛ ሰፈር እንመለስ፤ ታሪኩ እኛንም ይነካልና። ፀሐይ እንግሊዝ እያለች አባቷ በሱዳን በኩል ወደ ጎጃም ገብተው ነበር። አርበኞችና የጌዴዎን ጦር የተባለው ኃይል ከበላያ ተራራ ተነስተው ወደ ደጋው ወጡ። የካቲት 1933 ዓ.ም ላይ ጣሊያን ዳንግላን ለቀቀ፣ እንጅባራንም ለቀቀ። ጦሩ በእንጅባራ በኩል ወደ ቡሬ፣ ከዚያም ወደ ደብረ ማርቆስ ገሰገሰ። ሚያዝያ 27 ቀን ንጉሡ አዲስ አበባ ገቡ። ዛሬ በባጃጅ የምንመላለስባት እንጅባራ የዚያች ነርስ ወደ ሀገሯ መመለሻ መንገድ ከተከፈተባቸው ቦታዎች አንዷ ናት።

ፀሐይም ተመለሰች። የተመለሰችበት ሀገር ግን ከጦርነት የወጣ፣ ሐኪም የሌለው፣ አንድም መደበኛ የነርሶች ትምህርት ቤት ያልነበረው ሀገር ነበር። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የነርሶች ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው ገና በ1949 እ.ኤ.አ. ነው። እሷ በእጇ የያዘችውን ሙያ ከሚያውቁት እጅግ ጥቂቶች አንዷ ነበረች።

ኮሎኔል አቢይ አበበን አገባች። ባሏ የወለጋ ገዥ ሆነው ሲሾሙ አብራ ወደ ነቀምቴ ሄደች። እዚያም ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም በወሊድ ምክንያት በመጣ ችግር አረፈች። ልጇም አልተረፈም። 23 ዓመቷን ሊሞላት ሁለት ወር ቀርቷት ነበር።

እስቲ ቆም ብለን እናስበው። ለንደን ውስጥ ስንት የሰው ልጅ ጠብቃ ያሳደረች ነርስ የራሷ ቀን ሲደርስ የሚያስፈልጋት ሁሉ ከነቀምቴ ሩቅ ነበር። የንጉሥ ልጅ መሆኗ አላዳናትም። ማዕረግ ደም አያቆምም፤ ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ሰው፣ የሚለገስ ደም፣ የሚያመላልስ መንገድ ነው የሚያድነው። በዚያ ዓመት በወሊድ የሞቱት ሌሎች እናቶች፣ የአገው ምድር እናቶችም ጭምር፣ ስማቸው የትም አልተጻፈም። የሷ ስም ስለተጻፈ ብቻ ነው ዛሬ የምናወራው።

ሞቷ ሌላ ሥራ ወለደ። የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበረችው እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክኸርስት በስሟ ሆስፒታል እንዲሠራ ገንዘብ በማሰባሰቡ ግንባር ቀደም ሆነች። የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በ1951 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ፤ ነርሶችም ሠለጠኑበት። ከአብዮቱ በኋላ ስሙ ተቀየረ። ዛሬ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል ስትሉ የምትጠሩት እሱን ነው። ስሟ ከበሩ ላይ ቢወርድም ሥራው አልቆመም።

እንግዲህ ታሪኩ ይሄ ነው። ግን ገጻችን ታሪክ ነግሮ ብቻ መሄድ አይወድም። ፀሐይ የተማረችው ሙያ ዛሬ በኛ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል በር ላይ በየቀኑ ይሠራበታል። በጠና የታመመ ልጅ ሲመጣ ጥሩ ነርስ ምን እንደምታደርግ ልብ ብላችሁ አይታችኋል?

መጀመሪያ ልጁን አትነካውም። ከበር ላይ ታየዋለች። ነቅቷል ወይስ ፈዟል? እናቱን ያያል? ሲተነፍስ ይታገላል? ቆዳው ገርጥቷል ወይስ ጠቁሯል? ይኼ ሁሉ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ወዲያው ወደ ውስጥ መግባት ያለበትንና ወረፋ መጠበቅ የሚችለውን የምትለየው በዚህ ነው። ወረፋ ላይ ያለ ሰው አንዳንዴ ለምን እሱ ቀደመ ብሎ ይቆጣል። ነርሷ ግን በአመጣጥ ሳይሆን በአደጋው መጠን ነው የምታስቀድመው።

ከዚያ ትንፋሹን ትቆጥራለች፤ ሙሉ አንድ ደቂቃ፣ ልጁ ሳያለቅስ። የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ግልጽ ነው። ከ2 ወር በታች ለሆነ ጨቅላ በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ። ልጁ አየር ሲስብ የታችኛው የደረቱ ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ነገሩ ከፍቷል። ቀጥላ እጁ መቀዝቀዙን ታያለች፤ ጥፍሩን ጫን አድርጋ ስትለቀው ቀለሙ በስንት ሰከንድ እንደሚመለስ ትቆጥራለች። ከሦስት ሰከንድ በላይ ከቆየ ደሙ በሚገባ እየተዘዋወረ አይደለም ማለት ነው። ሲጠሩት መልስ ይሰጥ እንደሆነም ትሞክራለች።

የእንጅባራን ብርድ ታውቁታላችሁ። ልጅ ሲያስል ብርድ መታው እንላለን፤ ሲያንቀጠቅጠው ቡዳ ነው የሚል ይኖራል፤ እንጥሉን የሚያስቆርጥም አልጠፋም። እዚህ ላይ ነው ሰዓቱ የሚያልፈው። ማንንም ልንወቅስ አይደለም፤ እናት ያላትን እውቀት ይዛ ነው የምትሮጠው። ግን ዛሬ ሁላችሁም ኪሳችሁ ውስጥ ሰዓት አለ። ቤት ውስጥ ትንሽ ወንድም ወይ እህት ካለች፣ ሳል ከያዛት፣ ልብሷን ገለጥ አድርጋችሁ ስልካችሁ ላይ አንድ ደቂቃ ሙሉና ቁጠሩ።

ቁጥሩ ካለፈ ወይም ደረቷ ከተሰረጎደ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃታት፣ የጠጣችውን ሁሉ ካስመለሰች፣ ካንቀጠቀጣት፣ ወይም ከፈዘዘችና አልነቃ ካለች ነገ አትበሉ። በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ውሰዷት። ቁጥሩ ደህና ቢሆንም ልባችሁ ከጠረጠረ ሂዱ፤ መቁጠር ነርሷን አይተካም፣ ወደ ነርሷ ቶሎ ያደርሳችኋል እንጂ።

ከፀሐይ ዘመን ወዲህ ብዙ ተለውጧል። በ2000 እ.ኤ.አ. በተደረገው ሀገራዊ ጥናት ከ1000 ሕፃናት 166 አምስተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ይሞቱ ነበር፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። ከዚህ ጀርባ ክትባት አለ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ፣ ከበር ላይ የሚያዩ ነርሶች አሉ። ግን 67ም ቢሆን ብዙ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር የሆነ ቤት ውስጥ ባዶ የቀረ አልጋ ነው።

ዛሬ እንጅባራም ዳንግላም ሆስፒታል አላቸው። ከዞናችን ልጆችም ነርስነት የሚማሩ አሉ፤ ይሄን የምታነቡት ከመካከላችሁ ተረኛ ሆናችሁ ያደራችሁ ትኖራላችሁ። ሥራችሁን አንዳንድ ሰው ዝቅ አድርጎ ሲያይባችሁ ይቺን ልጅ አስታውሱ። ቤተ መንግሥት እያላት የመረጠችው የእናንተን ሥራ ነው።

ነቀምቴ ላይ ያረፈችው ፀሐይ አስከሬኗ አዲስ አበባ በበዓታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው ያረፈው። በስሟ የተጠራችው አውሮፕላንም ከረጅም ዘመን በኋላ ወደ ሀገሯ ተመልሳለች። የእሷን ሥራ ግን እዚህ ቅርባችሁ ታገኙታላችሁ፤ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የሕፃን ደረት ላይ ዓይኗን ተክላ በዝምታ የምትቆጥር ነርስ ካያችሁ፣ እባካችሁ ቆጥራ እስክትጨርስ አታናግሯት።