ነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝ፦ በመርከብ ተደብቀው የተሰደዱት ልጅ ለመንግሥት ያነሱት ጥያቄ

ባሕር ተሻግሮ በሰው ቤት መኖር ምን እንደሚመስል ለእናንተ ለእህቶቻችን መንገር አያስፈልግም። የዛሬው ባለታሪካችን ያንን ኑሮ ከ130 ዓመት ገደማ በፊት በሕፃንነታቸው የቀመሱ ሰው ናቸው። በኋላም ሀገራቸው ገብተው፣ ግብር ምን ላይ ይውላል፣ ሕግ ማንን ይገዛል ብለው በአማርኛ ከጠየቁት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆኑ።

ገብረሕይወት ባይከዳኝ በ1878 ዓ.ም በአድዋ አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው የአፄ ዮሐንስ ወታደር ነበሩ፤ ንጉሡ በወደቁበት በ1881ዱ የመተማ ጦርነት አብረው እንደሞቱ ይነገራል። ዘመኑ ከብቱ ያለቀበት፣ ሕዝቡ በረሃብ የረገፈበት ክፉ ቀን ነበር። ልጁ ምጽዋ አጠገብ ምንኩሉ በሚባል ቦታ ከነበረው የስዊድን ሚሲዮን ተጠጉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ተረት ይመስላል። ገብረሕይወት ከጓደኞቻቸው ጋር ወደብ ላይ በቆመ የጀርመን መርከብ ውስጥ ተደብቀው ሀገር ለቀቁ። ያኔ ዕድሜያቸው ከሰባት ዓመት ብዙም አይርቅም። የመርከቡ አዛዥ ለአንድ ሀብታም የኦስትሪያ ቤተሰብ ሰጣቸው፤ ቤተሰቡም እንደ ልጁ አሳደጋቸው። ጀርመንኛን አጥንተው በርሊን ገብተው ሕክምና ተማሩ።

እዚያው መቅረት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ተመለሱና የአፄ ምኒልክ ጸሐፊና አስተርጓሚ ሆኑ። እኔም የአስተርጓሚ ሥራ ስለምሠራ ይህን የሕይወታቸውን ክፍል ሳነብ ቆም እላለሁ። አስተርጓሚ በሁለት ሰዎች መካከል ተቀምጦ አንዱ የሚያውቀውን ሌላው እንዴት እንደማያውቀው በየቀኑ ያያል። ገብረሕይወትም የውጭ መንግሥታት ውላቸውን አንብበውና አስልተው ሲመጡ፣ በእኛ በኩል ግን የተጻፈ ሕግም የተቆጠረ ሒሳብም እንደሌለ አዩ።

የምኒልክ ሕመም በርትቶ ቤተ መንግሥቱ በሽኩቻ ሲታመስ ገብረሕይወት ቦታ አጡና ወደ ሱዳን ተሰደዱ። ሁለተኛ ስደታቸው መሆኑ ነው። በ1904 ዓ.ም አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ የተባለው ጽሑፋቸው አስመራ ላይ ታተመ።

በዚያ ጽሑፍ መግቢያ ላይ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሦስት ነገር እንዲይዝ ይመክራሉ፦ የሆነውን አጥርቶ ማየት፣ ሳያዳሉ መፍረድ፣ በሚገባ ቋንቋ መናገር። ቀጥለውም ለአዲሱ ገዥ ለልጅ ኢያሱ የሚጠቅም የሥራ ዝርዝር ያቀርባሉ። የንጉሡ የግል ሀብት ከመንግሥት ሀብት ይለይ። ግብር ልኩ ታውቆ በገንዘብ ይከፈል። ሕግ ተጽፎ ይውጣ። ትምህርት ቤት ይከፈት። ገንዘቡ አንድ ዓይነት ይሁን። ሰው በሃይማኖቱ አይነካ።

ይህ ለምን ከባድ ነገር ሆነ? በዚያን ጊዜ ወታደርና ሹም ደመወዝ አልነበራቸውም፤ የሚኖሩት በገበሬው ላይ ነው። ገበሬው ምን ያህል እንደሚወሰድበት አስቀድሞ አያውቅም። ልኩን የማያውቅ ሰው ደግሞ በዛብኝ ብሎ ሊከስ አይችልም። የገብረሕይወት ነገር ሥሩ ይኸው ነው፦ ልኩ ተጽፎ ከታወቀ ደካማውም ይጠይቃል፣ ጉልበተኛውም ይጠየቃል።

በኋላ የምድር ባቡሩ ተቆጣጣሪ፣ ቀጥሎም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ። ነጋድራስ የጉምሩክና የንግድ ሹም ነው። የሀገሪቱ ቡና፣ ቆዳና ጥርስ ሲወጣ፣ የውጭ ጨርቅና ዕቃ ሲገባ በዓይናቸው አዩ። መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር በተባለው ሁለተኛ መጽሐፋቸው፣ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ነጻ ነኝ ቢልም ጉልበቱን ለዐዋቂው በርካሽ እየሸጠ እንደሚኖር ያስረዳሉ።

መጽሐፉ ታትሞ ሳያዩት በ1911 ዓ.ም ሞቱ። ዕድሜያቸው 33 ዓመት ነበር። ጳውሎስ መናመኖ በ1916 ዓ.ም አሳተሙላቸው።

ገብረሕይወት ምክራቸውን ያቀረቡት ለንጉሥ ነው፤ ድምፅ የሚሰጥ ሕዝብ ገና አልነበረም። የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት የወጣው እሳቸው ከሞቱ ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1923 ዓ.ም ነው። ሕዝቡ ለምክር ቤት የመረጠው ደግሞ ከዚያም ብዙ ዓመት ቆይቶ ሲሆን፣ ሴቶችም መርጠዋል፤ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም ተመርጠው የመጀመሪያዋ የሴት እንደራሴ ሆነዋል።

ታዲያ ይህ ሪያድ ለምትሠራ እህት ምኗ ነው? ከጥቂት ጊዜ በፊት አንዲት እህት ውሏን እንዳነብላት ጠየቀችኝ። ሁለት ዓመት ሠርታበታለች፤ ምን እንደሚል ግን የዚያን ቀን ነው የሰማችው። የዕረፍት ቀኗ እዚያው ተጽፎ ነበር። ዝም ብላ ቆየችና፣ ያለፈውን ማን ይመልስልኛል አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ በሳምንት ከ24 ሰዓት ያላነሰ ተከታታይ ዕረፍት ይሰጣል። ውላችሁም በሙሳነድ የተመዘገበ ከሆነ እዚያ ይገኛል፤ አስነብቡት። ስለ ሀገር በስልክ የሚመጣውን ወሬም ለሌላ ከማስተላለፋችሁ በፊት በእነዚያ ሦስት ነገሮች መዝኑት፦ ማን አየው? ለማን ያዳላል? ቃሉስ በልኩ ነው? ወደ ቤት የምትልኩት ብር ልጅ ያስተምራል፣ ቤት ይሠራል። በዚያ ላይ አንድ ነገር ብትጨምሩ፣ ስትደውሉ የቀበሌው ግብር ስንት እንደሆነ፣ ትምህርት ቤቱ አስተማሪ ይኑረው አይኑረው፣ የመራጮች ምዝገባ መቼ እንደሆነ ጠይቁ። ሀገር ቤት ስትገቡም ካርዳችሁን አውጡ።

ገብረሕይወት ከአውሮፓ ይዘውት የተመለሱት ይህን ጥያቄ ነው። እናንተም ስትመለሱ ከሻንጣው ጋር ይዛችሁት ግቡ።