ናንሰንና የተዘጋው በር

በታሪክ ሂደት የውጭ ኃይሎች በሩን የዘጋ መንግሥትን በምን መንገድ መቅረብ እንደሚገባቸው የሚነሣው ጥያቄ ዘወትር በሁለት ጽንፎች መካከል ሲዋልል ኖሯል። አንደኛው ማግለል ሲሆን፣ ሁለተኛው አስተናጋጁ ያሳየውን ብቻ አይቶ ማጨብጨብ ነው። የኖርዌዩ ሳይንቲስት የፍሪድትዮፍ ናንሰን ሕይወት ከሁለቱም የተለየ፣ ሆኖም ከስሕተት ያልጸዳ መንገድ ያሳያል።

ናንሰን እ.ኤ.አ. በ1861 ተወለደ። በ1888 ግሪንላንድን በበረዶ ሸርተቴ አቋረጠ፤ ከ1893 እስከ 1896 ደግሞ ፍራም የተባለችውን መርከብ ሆን ብሎ በሰሜን ዋልታ በረዶ ውስጥ አስቀርቅሮ፣ የበረዶው ጉዞ እንዲወስዳት በማድረግ ስሙን በዓለም አስጠራ። ኖርዌይ በ1905 ከስዊድን ስትለይ ከተሟገቱላት አንዱ ነበር።

ከዚህ ይልቅ የሚያነጋግረን ግን ከ1920 በኋላ ያለው ሥራው ነው። በዚያ ዓመት ሚያዝያ የመንግሥታት ማኅበር የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ምርኮኞች ወደየአገራቸው የመመለሱን ኃላፊነት ሰጠው። የሶቪየት መንግሥት ማኅበሩን የጠላቶቹ መሣሪያ አድርጎ በመቁጠር ዕውቅና ነፍጎት ነበር። ናንሰን በማኅበሩ ስም ልነጋገር ብሎ አልተከራከረም፤ በራሱ ስም ተነጋገረ። በዚህም በ1922 ከ427 ሺህ በላይ ምርኮኞች ወደ አገራቸው መመለሳቸውን ሪፖርት ለማድረግ በቃ።

በ1921 ጦርነት፣ የእህል ነጠቃና ድርቅ ተደራርበው በቮልጋ አካባቢ አምስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደፈጀ የሚገመተውን ረሀብ አስከተሉ። ናንሰን ነሐሴ 27 ቀን ከውጭ ጉዳይ ኮሚሳሩ ከቺቼሪን ጋር ተስማማ። በመስከረም ጄኔቭ ላይ፣ ኢትዮጵያ ከሁለት ዓመት በኋላ አባል በሆነችበት በዚያው ማኅበር ፊት ቀርቦ፣ የአምስት ሚሊዮን ፓውንድ ብድር ለመነ፤ ገንዘቡ የአንድ የጦር መርከብ ዋጋ ግማሽ ያህል መሆኑን አስረዳ። መንግሥታቱ እምቢ አሉ። ዕርዳታው የቦልሼቪኮችን ሥልጣን ያጠናክራል የሚል ሥጋት ነበራቸው። መንግሥትን ለመቅጣት ሲባል ገበሬውን ለሞት መተው ምን ዓይነት ፖለቲካ እንደሆነ እስከ ዛሬ አጥጋቢ መልስ አልተሰጠበትም።

እዚህ ላይ ግን ስለ ናንሰንም በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል። ስምምነቱ በተፈረመበት ሰሞን የሶቪየት መንግሥት ስመ ጥር ምሁራን የነበሩበትን የረሀብተኞች መርጃ ኮሚቴ አፍርሶ አባላቱን አሰረ፤ ናንሰን ግን ለባለሥልጣናቱ በእህሉ አከፋፈል ላይ ሰፊ ድርሻ ሰጥቶ ነበር። አሜሪካዊው ኸርበርት ሁቨር ለቦልሼቪኮች ያለውን ጥላቻ ሳይሸሽግ፣ ነሐሴ 20 ቀን ሪጋ ላይ በተፈረመው ውል የታሰሩ አሜሪካውያን እንዲፈቱና ሥርጭቱን የእርሱ ሰዎች እንዲቆጣጠሩ አስገደደ። ድርጅቱም በ1922 በጋ በቀን ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሰው መገበ። ስለዚህ ከተዘጋ መንግሥት ጋር መደራደር ለቃሉ መገዛት እንዳልሆነ ያስመሰከረው ሁቨር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ያም ሆኖ ሞስኮ በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ ረሀቡ ገና ሳይጠፋ፣ እህል ወደ ውጭ ልትሸጥ መነሣቷ ሲሰማ ዕርዳታ ሰጪዎቹ ክፉኛ ተቆጡ፤ የአሜሪካውያኑ ሥራም በ1923 ተዘጋ።

ናንሰን ራሱ በ1921 መጨረሻ የረሀቡን አካባቢ ተዘዋውሮ ከጎበኘ በኋላ፣ የሙታኑን ፎቶግራፍ ይዞ በአውሮፓ ከተሞች እየዞረ ንግግር አደረገ። በር ዘግቶ የሚገዛ መንግሥት ከእህል ዕጦት ይልቅ የሚፈራው እንዲህ ያለውን ምስክር ነው፤ ናንሰን ግን ዕርዳታ ለማሰባሰብ ሲል በድርድር ከገባበት አገር ያየውን ከመናገር አልተቆጠበም።

በ1922 የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲሰጠው ከገንዘቡ ከፊሉን በሶቪየት ምድር ለሚቋቋሙ የማሳያ እርሻዎች አዋለው። በዚያው ዓመት የሶቪየት መንግሥት ዜግነታቸውን ለገፈፋቸው ስደተኞች በስሙ የሚጠራውን የይለፍ ወረቀት አስጀመረ። ወረቀቱ ብዙም ሳይቆይ ለአርመን ስደተኞችም ተሰጠ። ናንሰን ግንቦት 13 ቀን 1930 እስከሞተ ድረስ፣ ከሞስኮ ጋር በመነጋገሩ የሚወቅሱት ወገኖችም፣ ከሞስኮ የሸሹትን በመርዳቱ የሚጠረጥሩት ወገኖችም ነበሩት።