ፈውስ ያልተገኘለትን በሽታ ያልተዉ ሐኪም

ዘንድሮ የምናስታውሰው የነርቭ ሐኪሙን ዶክተር በርናርድ ሳክስን ነው። በ1858 ባልቲሞር ከተማ፣ ከጀርመን አሜሪካ ከገቡ አይሁዳውያን ወላጆች ተወለዱ። ሃርቫርድ ተምረው፣ ሕክምናውን አውሮፓ አጥንተው ኒውዮርክ ሥራ ጀመሩ።

እዚያ ያጋጠማቸው በሽታ ከባድ ነበር። ሕፃናቱ ሲወለዱ ጤነኛ ይመስላሉ፤ ወራት ሲያልፉ ግን ሰውነታቸው ይዝላል፣ ዓይናቸው ይጠፋል፣ ብዙዎቹ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ። እንግሊዛዊው ሐኪም ዋረን ቴይ በ1881 በዓይናቸው ውስጥ ቀይ ነጥብ አይተው ነበር። ሳክስ በ1887 አንጎላቸው ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ጻፉ። በአንድ ቤት ሌላም ልጅ ሲታመም ስላዩ፣ በሽታው በቤተሰብ የሚወርድ መሆኑን አሳወቁ። በብዛት ያገኙት ከምሥራቅ አውሮፓ በመጡ አይሁዳውያን ዘንድ ነበር። ዛሬ ቴይ-ሳክስ ይባላል።

በ1944 ሲያርፉ መድኃኒት አልነበረም፤ ዛሬም የሚፈውስ የለም። ግን ሌሎች ቀጠሉበት። በ1969 በሕፃናቱ ሰውነት የሚጎድለው ኢንዛይም ታወቀ። በ1971 ሳክስ በተወለዱባት ባልቲሞር ባልና ሚስት ደም እየሰጡ መመርመር ጀመሩ። ሁለቱም ተሸካሚ ከሆኑ፣ በየእርግዝናው ልጁ የመታመም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ይህ ቀድሞ ስለታወቀ የሚታመሙት ሕፃናት በጣም ቀነሱ። ምርመራው እዚህ እስራኤልም ይሰጣል።

ከመካከላችን ሕክምና የምንማር አለን። መድኃኒት የሌለው በሽታ ሲያጋጥመን፣ ያዩትን በትክክል መጻፍም ሥራ መሆኑን ከሳቸው እንማር። መታሰቢያቸው የተባረከ ይሁን።