የጆቫኒ አልዲኒ የሕይወት ታሪክ
የሉዊጂ ጋልቫኒ የእኅት ልጅ ጆቫኒ አልዲኒ እ.ኤ.አ. በ1762 ዓ.ም. በቦሎኛ ከተማ ተወለደ። በዚያውም የፊዚክስ መምህር ሆነ። በ1803 ሎንዶን ውስጥ በስቅላት በተቀጣ ሰው ሬሳ ላይ ኤሌክትሪክ ቢያሳልፍበት መንጋጋው ተንቀጠቀጠ፤ አንድ ዓይኑም ተከፈተ። ሰው ሁሉ የሚያወራለት ይህንኑ ነው፤ እኛ ግን የምናደንቀው ሌላውን ሥራውን ነው። በ1801 ሉዊጂ ላንዛሪኒ የተባለ ባላገር በብርቱ የትካዜ በሽታ ተይዞ ነበር። አልዲኒ ይህን ሰው በኤሌክትሪክ ሊያክመው ቢያስብ፥ አስቀድሞ በገዛ ጭንቅላቱ ላይ ሞከረው፤ በዚህም ምክንያት ለብዙ ቀናት እንቅልፍ አጣ። ይህን መከራ ከቀመሰ በኋላ ነው በሽተኛውን የነካው። ባላገሩም ተሻለው።
አልዲኒ በ1834 በሚላኖ ሞተ። ዛሬ ተመራማሪዎች 1 ወይም 2 ሚሊአምፔር በሚያህል ደካማ ኤሌክትሪክ፥ ቅል ሳይከፈት፥ እጅ አዲስ ሥራ ሲለማመድ አእምሮን ለማገዝ ይሞክራሉ፤ ውጤቱ ግን እንደየሰዉ ይለያያል።