ትንኟን የከሰሰው ዶክተር

እህቴ፣ በረንዳው ላይ ከአበባው ሥር ያለው ሳህን ውሃ ካቆረ፣ ይህን ከማንበብሽ በፊት ሄደሽ ድፊው። ለምን እንደሆነ የካርሎስ ፊንላይ ታሪክ ይነግርሻል።

ፊንላይ እ.ኤ.አ. በ1833 ኩባ ውስጥ ተወለደ። ልጅ ሳለ ሰውነትን ያለፈቃድ የሚያወራጭ የነርቭ በሽታ ያዘው። ዳነ፣ ግን ኮልታፋ ሆኖ ቀረ።

ሐኪም ሆኖ ሃቫና ሲሠራ ከተማዋን ቢጫ ወባ ይፈጃት ነበር። ስሙ ወባ ይባል እንጂ ወባ አይደለም፣ በቫይረስ የሚመጣ ሌላ በሽታ ነው። ሰዉ ከበሽተኛ ልብስና አንሶላ ይተላለፋል ብሎ ያምን ነበር። ፊንላይ በ1881 የሃቫና ሳይንስ አካዳሚ ፊት ቆሞ አስተላላፊዋ ትንኝ ናት አለ፤ የትኛዋ ትንኝ እንደሆነችም ለይቶ ተናገረ። ማንም አልተከራከረውም፣ ማንም አልተቀበለውም። ዝም አሉት። ይህ ወደ ሃያ ዓመት ቆየ። እውነት ይዞ የሚሰማው ማጣት ምን እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ።

በ1900 በዋልተር ሪድ የሚመሩ የአሜሪካ ጦር ሐኪሞች ሲመጡ የትንኝ እንቁላል ሰጣቸው። ከእነሱ አንዱ፣ ጄሲ ላዚር፣ በዚያው ምርምር ላይ እያለ በቢጫ ወባ ሞተ፤ ገና 34 ዓመቱ ነበር። ፈቃደኞች የበሽተኛ አንሶላ ላይ ተኝተው ምንም አልሆኑም፤ ትንኝ የነከሳቸው ግን ታመሙ። ከዚያ በየቤቱ እየተዞረ የቆመ ውሃ ተደፋ፣ በርሜልና ጉድጓድ ተከደነ። በ1901 ቢጫ ወባ ከሃቫና ጠፋ። ፊንላይ በ1915 ሞተ። ለኖቤል ብዙ ጊዜ ታጭቶ ነበር፣ አልሰጡትም።

ያቺው ትንኝ ዛሬ ጅዳን በመሳሰሉ ከተሞች ደንጊ የሚባለውን በሽታ ታስተላልፋለች። የምትነክሰው በቀን ነው፤ የምትራባው በቤት ውስጥ ንጹሕ ውሃ ነው፦ ባልዲ፣ ክዳን የሌለው ታንከር፣ ከኤሲ የሚንጠባጠብ ውሃ የሚጠራቀምበት ዕቃ። ቢያንስ በሳምንት አንዴ ድፊና ጠርዙን ፈግፍጊው፣ እንቁላሏ እዚያ ይጣበቃል።

ድንገት ከባድ ትኩሳት፣ ከዓይንሽ ጀርባ ሕመምና ቁርጥማት ከያዘሽ ለትኩሳቱ ባናዶል በመጠኑ ውሰጂ፤ ሐኪም ሳያይሽ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አትንኪ፣ ደም ያፈሳሉ። ትኩሳቱ ሲበርድ ተሻለኝ ብለሽ አትዘናጊ፦ ሆድ የሚቆርጥ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት ወይም መድማት የሚመጣው ያኔ ነው። አንዳንዴም አንጎልን ይነካል። ጓደኛሽ ከዘባረቀች፣ አልነቃ ካለች ወይም ካንቀጠቀጣት አታስተኛት፤ ለማዳም ሙስተሽፋ በያት፣ ያኔውኑ።